መቼ? ስንቴ? ስንት? ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለምታሰባስቡ ሁሉ የለጋሽ መዝገብ አያያዝ መመሪያ



ወደ ገጻችን ከሚላኩ መልእክቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ «እባካችሁ ሼር አድርጉልን»። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ወጣት አለ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት ሕፃን አለች፣ ምሳ የሚያበላ የሰፈር ማኅበር አለ። ሼር ይደረጋል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብር ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ ያው ታካሚ፣ ያው ፎቶ፣ ያው ተማጽኖ ተመልሶ ይመጣል። በመጀመሪያው ዙር የሰጡት ሰዎች የት ሄዱ? ብዙ ጊዜ የትም አልሄዱም። ማን እንደሰጠ የጻፈው ሰው ስለሌለ ነው መልሶ ያላገኛቸው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ መዝገብ እናወራለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሴቭ አድርጋችሁ በተረጋጋ ሰዓት አንብቡት።

📌 መዝገብ ለምን ገንዘብ ያመጣል?

በሒሳብ እንየው። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚደረግ ሕክምና ነው። አንዴ ከፍሎ የሚገላገሉት አይደለም። እንበልና ለአንድ ታካሚ በወር 30,000 ብር ያስፈልጋል። አንድ ጥሩ ቪዲዮ ተለቀቀ፣ 400 ሰዎች በአማካይ 300 ብር ሰጡ። 120,000 ብር ሆነ። ደስ ይላል፤ ግን ከአራት ወር በኋላ አለቀ።

አሁን ሌላውን መንገድ አስቡት። ከ400ዎቹ መካከል አንድ አራተኛው ማለትም 100 ሰው ብቻ «በየወሩ 300 ብር እሰጣለሁ» ቢል በወር 30,000 ብር ይሆናል። ሕክምናው አይቋረጥም፣ አዲስ የሚያስለቅስ ቪዲዮም አያስፈልግም። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? 100ዎቹን ሰዎች ለማግኘት የ400ዎቹ ዝርዝር መኖር አለበት። በቃ፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኼ ነው።

በዓለም የታወቀ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ሰዎች በረዶ የገባበት ውኃ በራሳቸው ላይ እየደፉ ቪዲዮ ይለቁ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። የአሜሪካው የኤኤልኤስ ማኅበር በዚያ ዘመቻ በ8 ሳምንት 115 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በቀጣዩ ዓመት ግን ገቢው በእጅጉ ወረደ። ቫይራል መሆን ሰው ያመጣል፤ የመጣውን ሰው ማቆየት ግን ሌላ ሥራ ነው።

📌 እድር ይህን ከድሮ ያውቃል

ጉዳዩን የፈረንጅ ቴክኖሎጂ አድርገን ማየት የለብንም። የሰፈራችሁን እድር ተመልከቱ። የእድሩ ጸሐፊ ማን ከፈለ፣ ማን ወር ዘለለ፣ ማን ቤት ቀየረ የሚለውን ሁሉ በመዝገብ ይዟል። እድር በየወሩ ሰው አያስለቅስም፣ ግን ብሩ ይሰበሰባል። የሚያቆመው መዝገቡና በመዝገቡ ላይ ያለው እምነት ነው።

ብዙ የወጣት በጎ አድራጎት ቡድኖች ግን መዝገባቸው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ስክሪንሾት ይላካል፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ወይም «ጀዛከላህ» ይባላል፣ ከዚያ መልእክቱ ከሥር በሚመጣው ጽሑፍ ይዋጣል። አካውንቱን የያዘው ልጅ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ደግሞ መዝገቡም አብሮት ይሄዳል።

📌 ምን ይመዝገብ?

ለመጀመር ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ጉግል ሺት ወይም ኤክሴል በስልክም ይሠራል። አንድ ሰው አንዴ ሲሰጥ አንድ መስመር ይጻፍለታል። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦

1. ስልክ ቁጥር
2. ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም
3. የሰጠበት ቀን
4. መጠንና የገንዘቡ ዓይነት፦ ብር፣ ዶላር፣ ሪያል ወይም ሌላ
5. በምን ላከ፦ ቴሌብር፣ ኤም ፔሳ፣ ባንክ፣ በእጅ
6. የትራንዛክሽን ቁጥር
7. ለምን ጉዳይ ሰጠ
8. ከየት ሰማ፦ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ጓደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ
9. ስሙ በይፋ ይጠራ? አዎ ወይም አይ
10. መልእክት እንድንልክለት ፈቅዷል? አዎ ወይም አይ
11. ምስጋና የተላከበት ቀን

ዘጠነኛዋን ዓምድ አትናቋት። እኛ አገር «ስሜ አይጠራ» የሚል ለጋሽ ብዙ ነው። አንዱ ለጽድቅ ብሎ ነው፣ ሌላው ዘመድ እንዳይሰማበት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ስም በላይቭ ላይ ከጠራችሁት ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል።

ስምንተኛዋ ደግሞ ጉልበታችሁን የት ማዋል እንዳለባችሁ ትነግራችኋለች። ከቲክቶክ የመጡ 200 ሰዎች አንዴ ሰጥተው ከጠፉ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ 20 ሰዎች ደግሞ በየወሩ ከሰጡ፣ ቀጣዩን ቅዳሜ የት እንደምታሳልፉ ግልጽ ነው አይደል? ለጋሹ ብር ሲልክ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ አጭር ቃል እንዲጽፍ ብትጠይቁት መለየቱ ይቀላል።

ዘይት፣ ልብስ፣ ዳይፐር የመሳሰለው የዓይነት ስጦታ በሌላ ገጽ ይመዝገብ። ከብሩ ጋር ከተቀላቀለ ድምሩ አይገጥምም።

📌 የእኛ አገር መዝገብ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

👉 ስም፦ አንድ ሰው «ኃይሉ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሌላው «ሐይሉ»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ሁሉም ይህን ችግር ያመጣሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። በቡድናችሁ አንድ አጻጻፍ ወስኑና በዚያው ጽኑ።

በክርስትና ስማቸው የሚሰጡም አሉ። «ወለተ ማርያም» የሚል አሥር መስመር ብታገኙ አሥር ሰው ይሁን አንድ ሰው በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ የሰው መለያ ስም አይሁን፣ ስልክ ቁጥር ይሁን።

የውጭ ሶፍትዌር ከተጠቀማችሁም ተጠንቀቁ። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ አበበ ከበደ ለሚባል ለጋሽ «ውድ አቶ ከበደ» ብሎ ምስጋና ይልካል። አባቱን አመሰገናችሁ ማለት ነው! እኛ ጋ ሚስት ስሟን ስለማትቀይር ባልና ሚስትን በስም ማገናኘትም አይቻልም። አንድ ቤት መሆናቸውን ካወቃችሁ በማስታወሻ ጻፉት።

👉 ስልክ ቁጥር፦ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር በ09 ይጀምራል፣ የሳፋሪኮም በ07። ኤክሴል ውስጥ ስትጽፉት የፊተኛዋ ዜሮ ትጠፋለች፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ እንደ ተራ ቁጥር ነው የሚያየው። ዓምዱን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፣ ወይም ሁሉንም በ+251 ጀምሩ። አንዱ በ09፣ አንዱ በ+251 ከተጻፈ ያው ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

👉 ቀን፦ 5/3/2017 ምን ማለት ነው? በእኛ ከሆነ ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 14 ቀን 2024። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ግን ማርች 5 ወይም ሜይ 3 ቀን 2017 ይሆናል። በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱ ከተደባለቁ ባለፈው ወር የሰጠ ሰው ከሰባት ዓመት በፊት እንደሰጠ ይቆጠራል። አንዱን የዘመን አቆጣጠር ምረጡ፣ ወሩንም በስሙ ጻፉ።

👉 የውጭ ገንዘብ፦ ዶላሩን ወደ ብር ቀይራችሁ ብቻ አትመዝግቡ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የመጣው ገንዘብ በራሱ ዓይነት፣ የዕለቱ ምንዛሪ ደግሞ በጎኑ ይጻፍ። አለበለዚያ ዘንድሮ ለጋሽ ጨመረ ወይስ ብሩ ብቻ ረከሰ የሚለውን መለየት አትችሉም።

👉 ስክሪንሾት፦ ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። በስልክ ፎቶ ማስተካከል የሚችል ሁሉ ሐሰተኛ ይሠራል። ገንዘብ ገባ የሚባለው በራሳችሁ የባንክ ወይም የቴሌብር ሒሳብ ላይ ስታዩት ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ የመዝገቡን ድምርና የሒሳቡን ድምር አስተያዩ። የሚመዘግበው ሰውና የሚያመሳክረው ሰው ለየብቻ ይሁኑ። ይህ በጓደኛ አለመተማመን አይደለም፤ እንዲያውም ጓደኛችሁን ከሐሜት የሚጠብቀው ይኼ ነው።

📌 መቼ? ስንቴ? ስንት?

መዝገቡ ሁለት ሦስት ወር ከሞላው በኋላ ማውራት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ለጋሽ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠው መቼ ነው? በጠቅላላ ስንቴ ሰጠ? ድምሩ ስንት ነው? በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶችም ለጋሾቻቸውን የሚለዩት በእነዚሁ በሦስቱ ነው። መልሱን ይዛችሁ ሰዎቹን በአራት ክፍል አስቀምጡ፦

✅ አዲስ፦ ባለፈው አንድ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠ። አሁን ብር አትጠይቁት። አመስግኑት፣ ብሩ የት እንደዋለ አሳዩት።

✅ ጽኑ፦ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሰጠ፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን። «በየወሩ ብታደርጉት» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሰው ነው የሚቀርበው። 50 ብር በየወሩ የሚሰጥ ተማሪ ነገ ሥራ ሲይዝ ዋና ምሰሷችሁ ሊሆን ይችላል።

✅ ትልቅ ሰጪ፦ አንዴም ቢሆን ከሌላው በብዙ የበለጠ የሰጠ። ለዚህ ሰው የጅምላ መልእክት አይላክም። ይደወልለታል፣ ቢመቸው መጥቶ እንዲያይ ይጋበዛል።

✅ የራቀ፦ ከስድስት ወር በላይ ያልታየ። በወቀሳ አይጀመርም። «ያኔ የረዱን ነገር እዚህ ደርሷል» በሚል ዜና ነው የሚጀመረው።

ቀኑንም ከመዝገቡ ማየት ይቻላል። ደመወዝ የሚገባው በወር መጨረሻ ነው፤ በወሩ አጋማሽ የተላከ ጥያቄ ባዶ ኪስ ላይ ይደርሳል። ፆም፣ ፋሲካ፣ ገና፣ እንቁጣጣሽ የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚመጣ «አምና በዚህ ቀን ላክን» ብላችሁ ከደገማችሁት ታመልጣችኋለች።

📌 ምስጋናና ሪፖርት

ምስጋና በሁለት ቀን ውስጥ ይድረስ። አጭር ይሁን፣ ስም ይኑረው፣ መጠኑን ይጥቀስ። ለምሳሌ፦ «ወ/ሮ እገሊት፣ የላኩልን 500 ብር ኅዳር 5 ደርሶናል። እናመሰግናለን።» በዚሁ መልእክት ላይ ሌላ ብር አይጠየቅም። ለትልቅ ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ዕድሜውን ካላወቃችሁ «እርስዎ» አያስነቅፍም።

ከወር በኋላ ደግሞ ሪፖርት፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። አራት መስመር ይበቃል። ቀሪውን የሚደብቅ ቡድን ቀሪውን እንደበላ ይቆጠራል።

ሕጋዊ ድርጅት ለመሆን ለምታስቡም መዝገብ ግዴታችሁ ይሆናል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙና ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያዛል። ለሌሎች ጥቅም የተቋቋሙት ደግሞ አስተዳደራዊ ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዛሬ በሺት ላይ የለመዳችሁት ያኔ ኦዲተር ሲመጣ ያሳርፋችኋል።

📌 ውጭ ያሉ ወገኖች

በ2010 መጨረሻ ዳያስፖራው «በቀን አንድ ዶላር» እንዲያዋጣ ጥሪ ሲቀርብ ሐሳቡ ምን ነበር? ትንሽ ግን ቋሚ። ይህ ለትንሽ ማኅበርም ይሠራል። ጎፈንድሚ ገንዘቡን ኢትዮጵያ ወዳለ ባንክ ስለማይልክ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ሰው ነው የሚከፍትላችሁ። ከዚያ ሰው ጋር መጀመሪያ ተስማሙ፦ የለጋሾቹ ዝርዝር በየሳምንቱ ወደ እናንተ መዝገብ ይገባል። አለበለዚያ ብሩ ይደርሳችኋል፣ ሰዎቹ ግን አይደርሷችሁም።

አሜሪካ ውስጥ «501ሲ3» ተብሎ በተመዘገበ ድርጅት በኩል 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከታክስ ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ማረጋገጫውን የሚሰጠው ድርጅቱ ነው፤ ቀንና መጠን በትክክል ካልተመዘገበ ግን ምን ብሎ ይጽፋል?

📌 መዝገቡ የሰው ምስጢር ነው

የለጋሽ ዝርዝር ማለት ማን ብር እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ነው። የተረጂ ዝርዝር ደግሞ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ ይናገራል። ሁለቱም አደራ ናቸው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው። ሰውም ስለ እሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የማሳረምና የማስጠፋት መብት አለው። አሁን የሐኪም ወረቀት ሙሉ ስሙ እየታየ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን አስቡት። የዛሬዋ የስድስት ዓመት ሕፃን ነገ አድጋ ስሟን ስትፈልግ ያን ወረቀት ታገኘዋለች። ወረቀቱ በእጃችሁ ይቆይ፤ ለሚያጣራ ሰው ይታይ፣ ለሕዝብ ግን አይለጠፍ።

ከውጭ ሁለት ትምህርት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ አንዲት የ92 ዓመት አዛውንት ከሞቱ በኋላ በተደረገ ማጣራት፣ 99 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መረጃቸውን ይዘው እንደነበር ታወቀ። ብዙዎቹ ያገኙት ከራሳቸው ከአዛውንቷ ሳይሆን ከሦስተኛ ወገን ነው። የልመና ደብዳቤ ቤታቸውን አጥለቅልቆት ነበር። ጉዳዩ ቁጣ ቀሰቀሰ፣ በ2016 አዲስ የገቢ ማሰባሰብ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ። ትምህርቱ፦ የለጋሽ ስልክ ለሌላ ቡድን «አብረን እንጠቀም» ተብሎ አይሰጥም።

ሁለተኛው ብላክባውድ ነው። የብዙ ሺህ ድርጅቶችን የለጋሽ መረጃ የሚይዝ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2020 ተጠለፈ። ከ13 ሺህ በላይ ደንበኞቹ ጉዳዩ ነካቸው። በ2023 ለአሜሪካ ግዛቶች 49.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ትልቁ እንዲህ ከሆነ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ያለ ፋይልማ!

ስለዚህ፦
🔒 ፋይሉ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አይከፈት። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» የሚለውን ዝጉ።
🔒 በኢሜይሉና በቴሌግራሙ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ።
🔒 በወር አንዴ ቅጂ ወስዳችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።
🔒 ከቡድኑ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ከፋይሉም ይውጣ።
🔒 የባንክ ምስጢር ቁጥር ወይም የሚላክ ኮድ ከለጋሽ በፍጹም አትጠይቁ። የጠየቀ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ለጋሾቹ ሺ ሲያልፉ ሺቱ ይከብዳችኋል። ያኔ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተብሎ የተሠራውን ሲቪሲአርኤምን ማየት ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ሴልስፎርስም ብቁ ለሆኑ ድርጅቶች እስከ 10 ተጠቃሚ በነፃ ይሰጣል። ግን የተበላሸ ዝርዝር ወደ ጥሩ ሶፍትዌር ቢገባም ያው የተበላሸ ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ጽዳት።

📌 ሰጪ ከሆናችሁ ደግሞ

ብር ከመላካችሁ በፊት ወይም ከላካችሁ በኋላ አራት ነገር የመጠየቅ መብት አላችሁ፦
• ሒሳቡ በማን ስም ነው? ስንት ሰው ይፈርምበታል?
• እስካሁን ስንት ገባ? ስንት ወጣ?
• ግቡ ከሞላና ከተረፈ ትርፉ ወዴት ይሄዳል?
• ስልኬን ምን ታደርጉበታላችሁ?

መዝገብ ያለው ቡድን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመልሳል። «እኛን አታምነንም እንዴ?» የሚል መልስ ግን መልስ አይደለም።

📌 በዚህ ሳምንት የሚሠራ

ቀን 1፦ አንድ ሺት ክፈቱ፣ 11ዱን ዓምዶች ጻፉ።
ቀን 2 እና 3፦ ያለፉትን ሦስት ወራት የባንክና የቴሌብር ዝርዝር አውጥታችሁ መዝግቡ።
ቀን 4፦ የተደጋገሙ ስልኮችን አዋህዱ፣ ስሞችን አስተካክሉ።
ቀን 5፦ ድምሩን ከባንኩ ጋር አስተያዩ።
ቀን 6፦ ምስጋና ላልደረሳቸው ሁሉ ላኩ። ዘግይቷል ብላችሁ አትተዉት።
ቀን 7፦ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሰጡትን ለዩና አሥሩን ደውሉላቸው። «በየወሩ ትችላላችሁ?» በሏቸው።

ከአሥሩ ሦስቱ እሺ ቢሉ በሚቀጥለው ወር ከዜሮ አትጀምሩም።

የሰፈራችሁን፣ የግቢያችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን በጎ አድራጎት ለሚያስተባብር ሰው ይህን ጽሑፍ አድርሱለት። እናንተ የምትጠቀሙበት የተሻለ የመዝገብ አያያዝ ካለ በኮሜንት ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት። የማንንም ስምና ስልክ ግን አትለጥፉ።